ትምህርት አሥራ ሁለት፦ «ከሆነ በኋላ» እና «ስለ ሆነ»

የትምህርቱ ዓላማ

ይህን ትምህርት ተከታትላችሁ ስትጨርሱ፦
ሀ. የጊዜን ቅደም ተከተል የሚያመለክቱ ሐረጎችን ምክንያትን ከሚያመለክቱት ትለያላችሁ፤
ለ. ያያችሁትን፣ የገመታችሁትንና ያረጋገጣችሁትን ነገር ለየራሱ በሚስማማው አነጋገር ትገልጻላችሁ፤
ሐ. ስለ አንድ ብልሽት ቅደም ተከተሉን የጠበቀ የምርመራ ዘገባ ትጽፋላችሁ።

መግቢያ

ዶሮ ጮኸ፤ ሰማዩም ነጋ። ንጋቱ ከዶሮው ጩኸት በኋላ መምጣቱን የሚክድ የለም። ይሁን እንጂ «ዶሮ ስለ ጮኸ ነጋ» የሚል ሰው ቢገኝ እንስቅበታለን። በዕለት ኑሯችን ግን ይህንኑ ስሕተት ሳናስተውል ደጋግመን እንሠራዋለን። እንግዳ መጥቶ ካደረ በኋላ ላም ብትነጥፍ በእንግዳው ይመካኛል። አዲስ ሠራተኛ ከተቀጠረ በኋላ ዕቃ ቢጠፋ ዐይን ሁሉ ወደ እርሱ ይዞራል። ከሁለት ነገሮች አንዱ ሌላውን መከተሉ አንዱ ለሌላው ምክንያት መሆኑን አያረጋግጥም። ይህን ልዩነት ሰዋስው በሁለት ትንንሽ ቃላት፣ በ«በኋላ» እና በ«ስለ»፣ ያሳየናል። የሚከተለው ምንባብ ለዚሁ ትምህርት የተሰናዳ ታሪክ ነው።

1. ከማንበባችሁ በፊት

ሊኑክስ ኮምፒዩተርን ከሚመሩት ሥርዓቶች፣ ማለትም ከኦፕሬቲንግ ሲስተሞች፣ አንዱ ነው። ከርነል የተባለውን ዋና ክፍሉን የጻፈው ሊኑስ ቶርቫልድስ የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለ ሲሆን፣ ሥራውን ለሕዝብ ያስታወቀው በነሐሴ ወር 1983 ዓ.ም. ነው። ማንም ሰው ያለ ክፍያ ሊገለብጠው፣ ሊመረምረውና ሊያሻሽለው ስለሚችል በዓለም ዙሪያ ተሠራጭቷል። በሀገራችንም በ2000 ዓ.ም. ገደማ ለአንዳንድ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የታደሉት ነጭና አረንጓዴ ትንንሽ ላፕቶፖች የሚሠሩት በሊኑክስ ነበር።

ሥርዓቱ በየጊዜው ይታደሳል። ስሕተቱ የታረመለትን አዲስ እትም ከኢንተርኔት አውርዶ በአሮጌው ምትክ መጫን «አፕዴት ማድረግ» ይባላል። እኛ በዚህ ትምህርት «እድሳት» እንለዋለን።

ላፕቶፕ ሲበራ የሚያልፍበት መንገድ አለው። እንግዳ በውጭ በር ገብቶ፣ ግቢውን አልፎ፣ አዳራሹን ተሻግሮ ወደ እልፍኝ እንደሚዘልቅ ሁሉ፣ ማሽኑም በመጀመሪያ አስነሺውን ፕሮግራም፣ ቀጥሎ ከርነሉን፣ ከዚያም ልዩ ልዩ አገልግሎቶችን ይጀምራል። የይለፍ ቃል የሚጠየቅበት የመግቢያ ገጽ የሚመጣው ከእነዚህ ሁሉ በኋላ ነው፤ የይለፍ ቃሉ ከተጻፈ ደግሞ የሥራ ገጹ ይከፈታል። ስለዚህ ብልሽት ሲያጋጥም የመጀመሪያው ጥያቄ «የት ድረስ ደረሰ?» የሚለው ነው።

2. ምንባብ፦ የአያቴ ድምፅ

በአንኮበር የሚገኙ የአንድ ትምህርት ቤት የታሪክ ክበብ አባላት የአካባቢያቸውን ሽማግሌዎች ትረካ በድምፅ ይቀዱ ነበር። ስለ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ግቢ ከአባቶቻቸው የሰሙትን የሚያስታውሱ ነበሩ፤ ስለ አልዩ አምባ ገበያ የሚተርኩም አልጠፉም። የክበቡ ጸሐፊ የነበረችው የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ቅጂዎቹን ሁሉ በክበቡ ላፕቶፕ ታስቀምጥ ነበር። ሃያ ሰዓት ያህል ከሚሆኑት ቅጂዎች መካከል የገዛ አያቷ ድምፅ ይገኝበታል። አያቷ በነሐሴ ዐረፉ። ከዚያ ወዲህ ያ ቅጂ ለእርሷ ከክበብ ሥራ የበለጠ ነገር ሆነ።

በኅዳር ወር አንድ ቅዳሜ ላፕቶፑ እድሳት መኖሩን አስታወቀ፤ እርሷም ፈቀደችለት። እድሳቱ በመካሄድ ላይ ሳለ መብራት ጠፋ፤ ላፕቶፑ ግን በባትሪው ሥራውን ቀጠለ። እድሳቱ ሲያልቅ ማሽኑ ጠፍቶ እንደገና ተነሣ። የመግቢያው ገጽ መጣ። የይለፍ ቃሉን ጻፈች። ስክሪኑ አንድ ጊዜ ጠቆረና የማውሱ ቀስት በመካከሉ ቀጥ ብሎ ቀረ። አጥፍታ አስነሣችው፤ ያው ሆነ። ሦስተኛ ሞከረች፤ ያው ሆነ።

ወንድሟ «እድሳቱ ነው ያበላሸው» አለ። ጎረቤታቸው «መብራቱ ሲጠፋ ውስጡ ተቃጥሏል» አሉ። በደብረ ብርሃን የሚሠራ አንድ ጠጋኝ ደግሞ በስልክ «አምጪው፤ ሙልጭ አድርጌ ጠርጌ እንደ አዲስ እጭንልሻለሁ» አላት። ሦስቱም የተናገሩት ለእርሷ አዝነው ነበር። የሦስተኛው ምክር ግን ከተፈጸመ የሃያ ሰዓቱ ድምፅ አብሮ የሚጠረግ መሆኑን አላሰበችውም ነበር።

ሰኞ ላፕቶፑን ታቅፋ ወደ ኮምፒዩተር መምህሯ ሄደች።

«መምህር፣ አፕዴት አበላሸብኝ» አለች።

«አፕዴቱ ሲያበላሸው አይተሻል?» ሲሉ ጠየቋት።

«አላየሁም። ግን የደረቀው አፕዴት ካደረግሁት በኋላ ነው።»

«እንግዲያውስ ያየሽውን በአንድ ወረቀት፣ የምትገምቺውን በሌላ ወረቀት ጻፊልኝ። እስክትጨርሺ ድረስ ማሽኑን አንነካውም።»

ጽፋ ስትጨርስ ግምቱ አንድ ገጽ ሞላ፤ ያየችው ነገር ግን አራት መስመር ብቻ ሆነ። መምህሩ ከአራቱ መስመሮች ጀመሩ። ላፕቶፑን አስነሡና በመግቢያው ገጽ ላይ ኮንትሮል፣ ኦልትና ኤፍ 3 የተባሉትን ቁልፎች አንድ ላይ እንድትጫን አዘዟት። ስክሪኑ ጠቁሮ በነጭ ፊደል የተጠቃሚ ስም ጠየቀ።

«አየሽ፣ ማሽኑ አልሞተም። እንቢ ያለው የእልፍኙ በር ነው፤ ግቢው ውስጥ ሰው አለ» አሉ።

ስሟንና የይለፍ ቃሏን ጻፈች፤ ተቀበላት። እንግዲህ የይለፍ ቃሉም ሆነ የተጠቃሚነት መዝገቧ ደኅና ነው። የቅጂዎቹን ማኅደር በትእዛዝ ዘርዝራ ተመለከተች፤ ሁሉም በቦታቸው አሉ። መምህሩ ከዚህ ሁሉ በፊት ሌላ ነገር እንዳይሠራ ከለከሉ። ሁለት ፍላሽ አመጡና ቅጂዎቹ በሁለቱም ላይ ተገለበጡ። ከዚያም ፍላሹን በሌላ ኮምፒዩተር ላይ ሰክተው አንዱን ከፈቱ። «ይሄ ነገር ይሰማል ወይ?» የሚል የሽማግሌ ድምፅ ተሰማ። ተማሪዋ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። መምህሩም ጥቂት ዝም አሉ።

ቀጥለው ምርመራው ተያዘ። በመጀመሪያ ጭነታቸው በከፊል የቀረ የእድሳት ጥቅሎች መኖራቸውን ጠየቁ፤ አንድም አልተገኘም። እድሳቱ ተጠናቋል፤ ስለዚህ የመብራቱ መጥፋት ከግምት ወጣ። ቀጥሎ «ዲ ኤፍ» በተባለው ትእዛዝ የማኅደሩን ቦታ ለኩ። በአንደኛው ዐምድ 100 በመቶ የሚል ታየ።

«ሞልቷል!» አለች ተማሪዋ። «ታዲያ እድሳቱ ቦታ ሳይኖር እንዴት ሊያልቅ ቻለ?»

«ጥሩ ጥያቄ ነው። ሊኑክስ በብዛት በሚጠቀምበት የማኅደር አሠራር ከቦታው አምስት በመቶ ያህል ለሥርዓቱ ለራሱ ይጠበቃል። እድሳቱ የሚሠራው በሥርዓቱ ሥልጣን ስለ ሆነ ከተጠበቀው ቦታ ወስዶ ጨርሷል። አንቺ ግን ተራ ተጠቃሚ ነሽ። የሥራ ገጽሽ ሲከፈት ትንንሽ ፋይሎችን መጻፍ ይኖርበታል፤ የሚጽፍበት ቦታ አላገኘም።»

ከኢንተርኔት የወረዱትን፣ ሥራቸውንም የጨረሱትን የእድሳት ጥቅሎች ጠረጉ። በሁለቱ ፍላሾች መገልበጣቸው ከተረጋገጠው ቅጂዎች ዐሥር ሰዓት ያህሉን ከላፕቶፑ አነሡ። ላፕቶፑ እንደገና ተነሣ። የይለፍ ቃሏን ጻፈች፤ የሥራ ገጹ ወዲያው ተከፈተ።

«እንግዲያው እድሳቱ ጥፋት የለበትም ማለት ነው?» ስትል ጠየቀች።

«አስቢው። ሳይጨመቅ የተቀዳ ድምፅ በሰዓት ስድስት መቶ ሜጋባይት ያህል ይይዛል። ሃያ ሰዓቱ ዐሥራ ሁለት ጊጋባይት ሆነ። የላፕቶፑ ጠቅላላ ቦታ ደግሞ ሠላሳ ሁለት ጊጋባይት ነው። ጋኑን የሞላነው እኛው ነን፤ እድሳቱ የመጨረሻውን ጣሳ ጨመረበት።»

3. የቃላት ፍች

ቅጂ — በመሣሪያ የተያዘ ድምፅ
ማኅደር — ፋይሎች የሚቀመጡበት ስፍራ
ጥቅል — አንድ ላይ የታሰረ የፕሮግራም ክፍል
ጠጋኝ — የተበላሸ ዕቃ የሚያድስ ባለሙያ
ደረቀ — (እዚህ ላይ) መሥራት አቁሞ ቀጥ አለ
ነጠፈች — ወተት መስጠት አቆመች

4. የምንባቡ ጥያቄዎች

ሀ. ወንድሟ፣ ጎረቤታቸውና ጠጋኙ የተናገሩት በምን ይመሳሰላል? በምንስ ይለያያል?
ለ. መምህሩ ከምርመራው በፊት ቅጂዎቹ እንዲገለበጡ ለምን አዘዙ? ቅደም ተከተሉ ቢገለበጥ ምን ሊደርስ ይችል ነበር?
ሐ. የመብራቱን መጥፋት ከግምት ያስወጣው ማስረጃ ምንድን ነው?
መ. «ጋኑን የሞላነው እኛው ነን» የሚለውን አነጋገር በራሳችሁ ቃል አብራሩ።

5. ሰዋስው

5.1 ጊዜን የሚያመለክቱ ሐረጎች

«ከ» ከኃላፊ ግሥ በፊት ገብቶ «በኋላ» ሲከተለው አንድ ድርጊት ከሌላው ቀድሞ መፈጸሙን ብቻ ይናገራል።
ምሳሌ፦ እድሳቱ ካለቀ በኋላ ላፕቶፑ ደረቀ።
ይህ ዐረፍተ ነገር እውነት ነው። ተማሪዋ ሁለቱንም ነገር በዐይኗ አይታለች። ስለ ምክንያቱ ግን ምንም አልተናገረችም።

5.2 ምክንያትን የሚያመለክቱ ሐረጎች

«ስለ» ከኃላፊ ግሥ በፊት ሲገባ፣ እንዲሁም «በ… ምክንያት»፣ «ስለዚህ» እና በግሥ መጨረሻ የሚቀጠለው «ና» ምክንያትን ያመለክታሉ።
ምሳሌ፦ 1. ማኅደሩ ስለ ሞላ የሥራ ገጹ አልተከፈተም።
2. ማኅደሩ ሞልቷልና የሥራ ገጹ አልተከፈተም።
3. ማኅደሩ ሞልቷል፤ ስለዚህ የሥራ ገጹ አልተከፈተም።
እነዚህን የሚጽፍ ሰው ማስረጃ ይጠየቃል። «በኋላ» የሚል ሰው ምስክር ነው፤ «ስለ» የሚል ሰው ፈራጅ ነው።

5.3 ሁለቱን የሚያደባልቁ አነጋገሮች

አንዳንድ ቅርጾች ላይ ላዩን ጊዜን እየተናገሩ ምክንያትን ሹክ ይላሉ። ከእነዚህ አንዱ «ሲ» ነው። «መብራቱ ሲጠፋ ተቃጥሏል» ያሉት ጎረቤት ጊዜውን የነገሩን ይመስላሉ፤ ሰሚው ግን ምክንያት አድርጎ ይወስደዋል። ሁለተኛው ቦዝ አንቀጽ ነው። «ዝናብ ዘንቦ መንገዱ ተበላሸ» ስንል መንገዱን ያበላሸው ዝናቡ መሆኑን በግልጽ ሳንናገር አስረዳን። በተራ ወግ ይህ ነቀፋ የለበትም። ጥፋተኛን፣ በሽታን ወይም ብልሽትን በሚመለከት ጽሑፍ ግን ጸሐፊው የትኛውን ማለቱ እንደ ሆነ ለይቶ ሊናገር ይገባዋል።

5.4 የእርግጠኝነት ደረጃዎች

ያዩትን ለመግለጽ፦ አየሁ፣ ታየ፣ ተሰማ፣ ተለካ።
ምሳሌ፦ የማውሱ ቀስት ቀጥ ብሎ ታየ።

የገመቱትን ለመግለጽ፦ ይመስላል፣ ይሆናል፣ ሳይሆን አይቀርም።
ምሳሌ፦ ማኅደሩ ሞልቶ ሳይሆን አይቀርም።

ያረጋገጡትን ለመግለጽ፦ ተረጋገጠ፣ ታወቀ፣ ስለ… ነው።
ምሳሌ፦ የደረቀው ማኅደሩ ስለ ሞላ መሆኑ ተረጋገጠ።

ከመካከለኛው ደረጃ ወደ ሦስተኛው የሚያሸጋግረው ፈተና ነው፤ ድምፅን ከፍ አድርጎ መናገር አይደለም።

5.5 «ስለ» ለማለት የሚያበቁ ሦስት ጥያቄዎች

ሀ. ምክንያት ነው የተባለው ነገር በሌለበት ስፍራ ውጤቱም የለምን?
ለ. ምክንያቱ ሲነሣ ውጤቱም ይነሣልን?
ሐ. ሌሎቹ ግምቶች አንድ በአንድ ተመርምረው ወጥተዋልን?

እድሳት በእውነት ጥፋተኛ የሚሆንበት ጊዜም አለ። ሐምሌ 12 ቀን 2016 ዓ.ም. ክራውድስትራይክ የተባለው የኮምፒዩተር ጥበቃ ድርጅት ያሠራጨው አንድ እድሳት ዊንዶውስ የሚጠቀሙ ኮምፒዩተሮችን በመላው ዓለም አቆመ። ማይክሮሶፍት የተጎዱትን 8.5 ሚሊዮን ያህል ብሎ ገምቷቸዋል፤ አውሮፕላን ማረፊያዎች፣ ባንኮችና ሆስፒታሎች ተቸገሩ። በዚህ ጊዜ «እድሳቱ ስለ ተጫነ ቆሙ» ማለት ተገቢ ነበር። እድሳቱ ያልደረሳቸው ማሽኖች ሲሠሩ ዋሉ፤ ስሕተት የነበረበት ፋይል የተሰረዘላቸውም እንደገና ተነሡ። ለሀና ለለ ጥያቄዎች «አዎን» የሚል መልስ ተገኘ ማለት ነው።

በሊኑክስም ተመሳሳይ ፈተና ማድረግ ይቻላል። ብዙውን ጊዜ እድሳት አዲስ ከርነል ሲያመጣ የቀድሞውን አያጠፋውም፤ ማሽኑ ሲነሣ ከሚታየው ዝርዝር ውስጥ አሮጌውን መምረጥ ይቻላል። ላፕቶፑ በአሮጌው ገብቶ በአዲሱ የሚደርቅ ከሆነ፣ በተለይ የስክሪኑን ሥዕል የሚመራው ድራይቨር ከአዲሱ ከርነል ጋር አለመስማማቱ ሊጠረጠር ይገባል። በሁለቱም የሚደርቅ ከሆነ ግን አዲሱን ከርነል ከመክሰሳችን በፊት ሌላ ምክንያት እንፈልጋለን።

6. ድርሰት፦ የምርመራ ዘገባ

ተማሪዋ ቅዳሜ ዕለት ለክበቡ ሰብሳቢ የላከችው መልእክት እንዲህ ይል ነበር፦

«ላፕቶፑ በአፕዴቱ ምክንያት ሙሉ በሙሉ ተበላሽቷል። መብራትም ስለ ጠፋ ተቃጥሏል። ቅጂዎቹ ጠፍተዋል።»

በሦስት ዐረፍተ ነገር ውስጥ ሦስት ፍርዶች ይገኛሉ፤ ሦስቱም ስሕተት ነበሩ። ሰብሳቢው ይህን አምኖ ላፕቶፑን ለጠጋኙ ልኮት ቢሆን ኖሮ፣ «ቅጂዎቹ ጠፍተዋል» የሚለው ሐሰት በማግሥቱ እውነት በሆነ ነበር። ሰኞ ማታ የጻፈችው ዘገባ ደግሞ የሚከተለው ነው፦

«ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ላፕቶፑን አደስሁት። እድሳቱ በመካሄድ ላይ ሳለ መብራት ጠፍቶ ነበር፤ ማሽኑ ግን በባትሪ ቀጠለ። እድሳቱ ካለቀ በኋላ የይለፍ ቃሌን ስጽፍ ስክሪኑ ሦስት ጊዜ ደረቀ። በጽሑፍ መግቢያ በኩል ስሞክር ገባሁ። ቅጂዎቹ በሙሉ ተገኝተው በሁለት ፍላሽ ተገልብጠዋል። ያልተጠናቀቀ ጭነት አልተገኘም። የማኅደሩ ቦታ ሲለካ 100 በመቶ ሞልቶ ታየ። ቦታ ካስለቀቅን በኋላ ላፕቶፑ ያለ ችግር ገባ። ስለዚህ የደረቀው ማኅደሩ ስለ ሞላ ነው። ወደ ፊት ቅጂዎቹ በየሳምንቱ ወደ ሌላ ማኅደር እንዲዛወሩ ሐሳብ አቀርባለሁ።»

ማስታወሻ፦ በዚህ ዘገባ ውስጥ «ስለዚህ» እና «ስለ» የገቡት በመጨረሻ ላይ ብቻ መሆኑን ልብ በሉ። ከእነርሱ በፊት ያሉት ዐረፍተ ነገሮች የታየውን፣ የተለካውንና የተሠራውን ይናገራሉ። መልካም የምርመራ ዘገባ አራት ክፍሎች አሉት፤ እነርሱም የሆነው ነገር፣ የተደረገው ፈተና፣ የተገኘው ምክንያትና ለወደፊቱ የሚበጀው ሐሳብ ናቸው።

7. መልመጃ

መልመጃ 1። በሚከተሉት ዐረፍተ ነገሮች ውስጥ «በኋላ» በ«ስለ» ሊለወጥ ይችላልን? ለመለወጥ ምን ዓይነት ማስረጃ ያስፈልጋችኋል? በደብተራችሁ ላይ ጻፉ።
ሀ. ባቄላው ውርጭ ከመታው በኋላ ጠቆረ።
ለ. በትውፊት እንደሚነገረው ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በሰማይ ላይ ብርሃን ካዩ በኋላ ስፍራው ደብረ ብርሃን ተባለ።
ሐ. ምኒልክ መቀመጫቸውን ወደ እንጦጦ ካዛወሩ በኋላ የአንኮበር የከተማነት ክብር ቀነሰ።
መ. አዲሱ መምህር ከመጡ በኋላ የተማሪዎቹ ውጤት ከፍ አለ።

መልመጃ 2። የሚከተሉትን ፍርዶች የታየውን ብቻ ወደሚናገሩ ዐረፍተ ነገሮች ለውጡ።
ምሳሌ፦ ራዲዮኑን ሕፃኑ ሰበረው። — ሕፃኑ ራዲዮኑን ከያዘው በኋላ ድምፁ ጠፋ።
ሀ. ስልኬን ያበላሸው አዲሱ ቻርጀር ነው።
ለ. ጎረቤታችን ስለ ቀናብን በጉ ሞተ።
ሐ. ውሃው የቆመው ቧንቧው ስለ ፈነዳ ነው።

መልመጃ 3። በቤታችሁ ወይም በትምህርት ቤታችሁ ከዚህ ቀደም የተበላሸ አንድ ዕቃ አስቡ፤ ስልክ፣ ወፍጮ፣ የውሃ ፓምፕ ወይም ብስክሌት ሊሆን ይችላል። በመጀመሪያ ያያችሁትንና የገመታችሁትን በሁለት ዐምድ ለይታችሁ ጻፉ። ቀጥሎ አራቱን ክፍሎች ያሟላ ዘገባ በሁለት አንቀጽ አዘጋጁ። ምክንያቱ ሳይታወቅ ቀርቶ ከሆነ «ሳይሆን አይቀርም» በሚለው ደረጃ ላይ ቁሙ።

ማጠቃለያ

አባቶቻችን «ሳይገድሉ ጎፈሬ፣ ሳያጣሩ ወሬ» ሲሉ የነቀፉት ፍርድን ከማስረጃ ማስቀደምን ነው። በምንባቡ ውስጥ አንዲት ቃል ያለ ቦታዋ ብትገባና ብትታመን ኖሮ የአንድ ሽማግሌ ድምፅ ለዘለዓለም ይጠፋ ነበር። ዛሬ ያ ቅጂ በሦስት ቦታ ተቀምጧል። ክበቡም በላፕቶፑ ክዳን ላይ አንዲት ቁራጭ ወረቀት ለጥፏል፤ በላይዋም «መጀመሪያ ገልብጥ፤ ቀጥሎ ለካ፤ በመጨረሻ ፍረድ» የሚል ተጽፏል።